ስልክ ላይ ያማረው ነጠላ ኮምፒውተር ላይ ለምን ተቃጠለ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። በጥር የቀረጽኩትን አንድ ሠርግ እያቀናበርኩ ነው። ዋናውን እኔ በሶኒ ካሜራ ቀረጽኩት። የጣና ዳሩን ክፍል ረዳቴ በአይፎን 13 ፕሮ ቀረጸልኝ። ስልኩ ላይ ስናየው እንዴት እንደሚያምር! ፕሪሚየር ውስጥ ሳስገባው ግን ነጠላው ሁሉ ተቃጥሏል። የሙሽራዋ ፊት ቢጫ ሆኗል። ሐይቁ ነጭ ወረቀት መስሏል። በሌላ ቀለል ባለ ማቀናበሪያ ስሞክረው ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀረጻው ተበላሽቷል ማለት ነው? ኤችዲአር ሞኒተር መግዛት ይኖርብኛል? ቤተሰቡ የሚፈልገው በፍላሽና በቴሌግራም ነው።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እፎይ በል። ቀረጻህ አልተበላሸም። ነጠላው እዚያው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ የጥበቡ ክር ሳይቀር። ሞኒተርም አትግዛ። ሥራህ የሚታየው በተራ ቴሌቪዥንና በስልክ ነው።

አንድ አደራ ግን አለኝ። እስከ አሁን ኤክስፖዠር ዝቅ፣ ሃይላይት ዝቅ እያደረግህ ስትታገል እንደቆየህ እገምታለሁ። ያንን ሁሉ አጥፋው። ክሊፖቹን ከነተፈጥሯቸው መልሳቸው። ቀለም የሚነካው በመጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ያ ሥራ ስላልተሠራ ነው ሁሉም ነገር የተመሰቃቀለው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ፤ ከገባህ ሁለተኛ አትቸገርም።

የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። እኛ ሁላችን የለመድነው ተራው ቪዲዮ፣ ኤስዲአር የሚባለው፣ ጣሪያው 100 ኒት ሆኖ የተበጀ ነው። ቀለሙም ሬክ 709 በሚባል ደንብ ይመራል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ማለት ባለ ቱቦው ነበር። ፍላሽ ላይ የሚሰጥ ሠርግም ሆነ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ቁራጭ ዛሬም ድረስ በዚሁ ደንብ ነው የሚሠራው።

አይፎን ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይፎን 12 ወዲህ፣ ማንም ሳይነካው በኤችዲአር፣ ማለትም ከተራው ቪዲዮ የሰፋ የብርሃን ደረጃ በሚይዝ ዘዴ፣ ይቀርጻል። የረዳትህ ስልክ ስክሪን ለኤችዲአር እስከ 1,200 ኒት ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ራሱ የቀረጸውን ራሱ ሲያሳይ የሐይቁ ብልጭታ ከነጠላው በላይ፣ ነጠላውም ከፊቷ በላይ ሆኖ እያንዳንዱ በየደረጃው ይታያል። ያየኸው ውበት እውነተኛ ነው።

አሁን ችግሩ የት እንዳለ ተመልከት። በኤችዲአር አሠራር እንደ ነጭ ወረቀት ወይም እንደ ነጭ ነጠላ ያለ ነገር የሚቀመጠው 203 ኒት አካባቢ ነው። ይህ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለሙያተኞች የሰጠው መነሻ ነው። ያንተ ታይምላይን ጣሪያ ግን 100 ነው። ነጠላው ከጣሪያው በላይ ቆሟል ማለት ነው። ውሃው ላይ ያረፈው ፀሐይማ ከዚያም በላይ የትየለሌ ሄዷል። ፕሮግራሙ ምን አደረገ? ከጣሪያ በላይ ያለውን ሁሉ ቆረጠና አንድ ዓይነት ነጭ አደረገው።

ዝቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን በር ሲገጥምህ አናትህን አትቆርጥም። ጎንበስ ብለህ ትገባለህ። ለኤችዲአር ክሊፕም የሚያስፈልገው ይኸው ማጎንበስ ነው። በሙያው ቋንቋ ቶን ማፒንግ ይባላል። ከታች ያለውን፣ ማለትም ጥላውንና ፊቱን፣ ብዙም ሳይነካ ላይኛውን ብርሃን ቀስ እያለ ያጎነብሰዋል። ነጠላው ከ100 በታች ይገባል፤ ብልጭታው ደግሞ ጣሪያው ሥር ይጠጋል። ያልሠራኸው ሥራ ይህ ነው።

የፊቷ ቢጫነትም ከዚሁ የመጣ ነው። ጠይም ፊት ውስጥ ቀይ ይበዛል፣ አረንጓዴ ይከተላል፣ ሰማያዊ ያንሳል። ብርሃኑ ከጣሪያ ሲያልፍ መጀመሪያ ቀዩ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ አረንጓዴው ይደርስበታል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሰማያዊው ገና ታች ነው። ቀይና አረንጓዴ እኩል ሲደመሩ ቢጫ ነው የሚሆኑት። ስለዚህ ዋይት ባላንስ አትነካካ። ካጎነበስከው ቢጫው በራሱ ይሄዳል።

እሺ፣ ሌላው ማቀናበሪያ ለምን አመድ አደረገው? እዚያ የተፈጠረው ሌላ ነገር ነው። የአይፎን ኤችዲአር ከሥሩ ኤችኤልጂ በሚባል ቀመር ነው የተጻፈው። በላዩ ላይ የዶልቢ ቪዥን መረጃ አለው፤ መሠረቱ ግን ኤችኤልጂ ነው። ቀመሩን ያወጡት የእንግሊዙ ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ናቸው። ዓላማቸው አንድ ሥርጭት ለአሮጌውም ለአዲሱም ቴሌቪዥን እንዲበቃ ነበር። ስለዚህ የታችኛውን ብርሃን እንደ ድሮው አስቀመጡት፤ የላይኛውን ግን አጣጠፉት። አንድ ፕሮግራም ይህ ኤችዲአር መሆኑን ሳያውቅ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲያነበው የታጠፈው ሳይዘረጋ ይታያል። ምስሉ ልሙጥ ይሆናል። በዚያ ላይ ቀለሙ የተጻፈው ሬክ 2020 በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ነው። ያንን በጠባቡ 709 ሲያነቡት ቀለም ይደበዝዛል። አመድ ያልከው እሱን ነው።

ይህን ለይቶ ማወቅ ግማሽ መድኃኒት ነው። ቃጠሎ ካየህ ፕሮግራሙ ክሊፑን አውቆታል፤ ግን አጎንብስ ያለው የለም። አመድ ካየህ ፕሮግራሙ ክሊፑን ጭራሹኑ አላወቀውም። አንተ በሁለት ማቀናበሪያ ሁለቱንም አይተሃል፤ ስለዚህ ግራ መጋባትህ አይፈረድበትም።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ፋይሉን መርምር። ሚዲያ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ክሊፑን ጎትተህ ጣልበት። ስለ ቪዲዮው ከሚዘረዝረው ውስጥ ሦስት ነገር ፈልግ። ቢት ዴፕዝ 10 ይላል? ከለር ፕራይመሪስ ቢቲ 2020 ይላል? ትራንስፈር ካራክተሪስቲክስ ኤችኤልጂ ይላል? ሦስቱም ካሉ ዋናው ቀረጻ እጅህ ላይ ነው።

8 ቢትና ቢቲ 709 ካለህ ግን ፋይሉ መንገድ ላይ ተቀይሯል ማለት ነው። ረዳትህ እንዴት ነው የላከልህ? በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከላከው ቴሌግራም ጨምቆታል። እንደገና በኬብል ገልብጠው። ከዚያ በፊት ስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ (በአዲሶቹ አይኦኤስ አፕስ ከሚለው ሥር) ፎቶስ የሚለው ጋ ግባና «ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ» የሚለውን «ኪፕ ኦሪጂናልስ» ላይ አድርገው። ዋናው ፋይል ሳይለወጥ ይወጣል።

ሌላ ጊዜ የሳምሰንግ ክሊፕ ከመጣልህ ደግሞ ኤችኤልጂ ሳይሆን ፒኪው የሚል ልታገኝ ትችላለህ። የሳምሰንግ ኤችዲአር10 ፕላስ በዚያ ነው የሚጻፈው። ፒኪው የዶልቢ ቀመር ነው፤ እስከ 10,000 ኒት ድረስ እያንዳንዱን ቁጥር ለአንድ ቁርጥ ያለ ብርሃን ይመድባል። አያያዙ ተመሳሳይ ነው፤ ለፕሮግራሙ የምትነግረው ስም ብቻ ይለያል። ስሙን ከተሳሳትክ ግን ምስሉ ጨርሶ አይሆንም።

ፕሪሚየር ውስጥ በመጀመሪያ የማየው ሲኩዌንሱን፣ ማለትም ክሊፖቹ የሚደረደሩበትን ታይምላይን፣ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአይፎኑን ክሊፕ መጀመሪያ ጎትተህ አዲስ ሲኩዌንስ ከሠራህበት፣ ሲኩዌንሱ የክሊፑን ጠባይ ወርሶ ኤችኤልጂ ይሆናል። ከዚያ የሶኒ ክሊፖችህ ደብዝዘው ይታያሉ። አንተም ሶኒውን ማድመቅ ትጀምራለህ። ከዚያ በኋላ መያዣ መጨበጫ የለውም። ስለዚህ ሲኩዌንስ ሴቲንግስ ክፈትና ወርኪንግ ከለር ስፔስ የሚለው ሬክ 709 መሆኑን አረጋግጥ።

እዚያው ገጽ ላይ «አውቶ ቶን ማፕ ሚዲያ» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። አብራው። በአዳዲሶቹ ቅጂዎች የቀለም አስተዳደሩ ሉሜትሪ በሚባለው የቀለም ማስተካከያ ፓነል ውስጥ ሴቲንግስ ወደሚለው ክፍል ገብቷል፤ እዚያ ፈልገው። ስታበራው ነጠላው ሲመለስ በዓይንህ ታያለህ። ይህን ጊዜ ብዙ ልጆች «ተዓምር ነው» ይሉኛል። ተዓምር አይደለም፤ ክሊፑ ጎንበስ ብሎ ገባ እንጂ።

ማጎንበሻው ከአንድ በላይ ስልት አለው። ለየቀለሙ የሚያጎነብሰው አለ፤ የቀለሙን ዓይነት ጠብቆ የሚያጎነብሰውም አለ፤ እሱ «ሂው ፕሪዘርቬሽን» ይባላል። ለሐበሻ ቀሚስ ጥበብና ለካባ ወርቅ ሁለተኛውን አስቀድሜ እሞክራለሁ። ወርቁ ወደ ሎሚ ቢጫ እንዳይሸሽ ይረዳል። ለፊት ግን ሁለቱንም አይተህ ምረጥ። እዚህ ላይ ዓይንህን እመን።

የቆየ ፕሪሚየር ካለህና ይህ ምልክት ከሌለው፣ ክሊፑን በቀኝ ተጭነህ ሞዲፋይ፣ ከዚያ ኢንተርፕሪት ፉቴጅ ግባ። ከለር ማኔጅመንት ከሚለው ሥር ከለር ስፔስ ኦቨርራይድን ሬክ 709 አድርገው። ይህ ማጎንበስ አይደለም። ፕሮግራሙን «ኤችዲአርነቱን እርሳው» ማለት ነው። ስለዚህ ቃጠሎው ይጠፋል፤ በምትኩ አመዱ ይመጣል። አመዱን ኮንትራስትና ሳቹሬሽን በመጨመር ታነሳዋለህ። ለአስቸኳይ ሥራ ያገለግላል። ከሦስት ክሊፕ በላይ ካለህ ግን አልመክረውም፤ ቀለሙ በትክክል አይመለስም።

እኔ ራሴ የምሠራው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ቀለም ላይ ስትደርስ ሥራው ይቀላል። የመጀመሪያው ኖድ (አንድ የቀለም ሥራ የሚሠራበት ሣጥን) ላይ ከለር ስፔስ ትራንስፎርም የሚባለውን አስቀምጥ። መግቢያ ቀለም ሬክ 2020፣ መግቢያ ጋማ (ብርሃኑ የተጻፈበት ቀመር) ሬክ 2100 ኤችኤልጂ፣ መውጫ ቀለም ሬክ 709፣ መውጫ ጋማ 2.4። ቶን ማፒንጉን ዳቪንቺ በለው። ጋመት ማፒንጉን፣ ሰፊውን የቀለም ክልል ወደ ጠባቡ የሚያስገባውን፣ ደግሞ ሳቹሬሽን ኮምፕረሽን በለው። ይኸው ነው። አንዱን ክሊፕ ካስተካከልክ ለሌሎቹ ኮፒ ታደርገዋለህ።

ስለ ጋመት ማፒንጉ አንድ ነገር ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጌ ላይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎችን ቀርጬ ነበር። ብርሃኑን በሚገባ አጎንብሼ ጨረስኩ። ቀዩ ቀለም ግን እንደ ሱቅ መብራት ፈክቶ ቀረ፤ የልብሱ እጥፋት ጠፋበት። የዚያ ሥዕል ቀይ የበሰለና የረጋ ነው፤ አቧራና ጭስ የጠጣ። እኔ ያወጣሁት ቀይ እሱ አልነበረም። ምክንያቱ ብርሃኑ ቢጎነብስም ቀለሙ አለመጎንበሱ ነው። ሰፊው የ2020 ቀይ ጠባቡ 709 ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ እሱም ተቆረጠ። ቀለሙም መጨመቅ አለበት። ያንተ ሙሽሮች ቀይ ከፋይ ካባ ለብሰው ከሆነ ይህን ታገኘዋለህ። የካባው ቀይ አንድ ወጥ ሆኖ ልስላሴው ከጠፋ ነገሩ ብርሃን አይደለም፤ ቀለም ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሁለት ጊዜ አታጎንብስ። ሪዞልቭ ውስጥ ፕሮጀክቱን ከለር ማኔጅድ ካደረግህ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያጎነብስ ካዘዝከው፣ ትራንስፎርም ኖድ አትጨምር። ከሁለት አንዱን ያዝ። ሁለቱም ካሉ ምስሉ ይሞታል፤ ነጩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ «ሉት አውርድና ጫንበት» የሚልህ አይጠፋም። ሉት የሚባለው የቀለም ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከዜሮ እስከ መቶ ያለውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ክሊፑን ቀድሞ ከዘረጋውና ነጠላው ከመቶ በላይ ከወጣ ሉቱ ያንን አያየውም። ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ሃይላይት ብታወርድ የምታወርደው ባዶ ነጭ ነው። ሉት የምትወድ ከሆነ ካጎነበስክ በኋላ አድርገው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ።

ማጎንበሻው ማሽን ነው። ነጠላንና የውሃ ብልጭታን አይለይም። ለሱ ሁለቱም ብርሃን ናቸው። ለኛ ግን ነጠላው ልብስ ነው፤ ሽመናው መታየት አለበት። ብልጭታው ግን ፀሐይ ነው። የኛ ሠርግ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው። ሙሽራዋ ነጭ፣ ሚዜዎቹ ነጭ፣ እናቶች ነጠላ፣ አባቶች ጋቢ። ከዚህ ሁሉ ነጭ መሃል ጠይምና ጥቁር ፊት አለ። ይህን የመሰለ አስቸጋሪ ትዕይንት በየቀኑ የሚቀርጽ ሰው ብዙ የለም። እኛ ግን ሥራችን ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትሥራ። ዌቭፎርሙን፣ የምስሉን ብርሃን ከ0 እስከ 100 የሚያሳየውን ግራፍ፣ ክፈተው። ከዚህ በኋላ የምጠራው ቁጥር ኒት ሳይሆን የዚህ ግራፍ ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ፀሐይ የመታውን ነጠላ 85 እና 90 መካከል አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሽመናው ይጠፋል። ከ80 በታች ሲሆን ያልታጠበ ይመስላል፤ እናቶች ያንን ይቀየማሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ነጠላ 60 ቢሆን ችግር የለውም። ብልጭታው 100 ይምታ፤ ተወው ይቃጠል። ሁሉንም ላድን ብለህ የጣናን ብልጭታ ካወረድከው የጥር ፀሐይ የሐምሌ ደመና ይሆናል። ፀሐይ መቃጠል አለበት። ልብስ ግን አይቃጠልም።

ፊት ላይ ስትደርስ የበለጠ ተጠንቀቅ። በውጭ አገር ትምህርቶች ላይ «ፊት 70 ላይ ይሁን» የሚል ታገኛለህ። ያ ለነጭ ቆዳ የተባለ ነው። ጠይም ፊት 50 አካባቢ ደስ ይላል። የጠቆረ ፊት 40 ላይም ያምራል፤ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ያለው ወዝ ወደ 60 ከወጣ ይበቃዋል። ጥቁር ሙሽራን 70 ለማድረስ ሲያነሱ ፊቱ አመድ ይለብሳል፤ ነጠላውም አብሮ ይነዳል። ይህን በየሠርጉ አየዋለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሰውየው በሕይወቱ አንዴ ነው እንዲህ የሚለብሰው። ራሱን አይቶ «ይህ እኔ ነኝ» ማለት አለበት።

የቀለሙን ነገር ቬክተርስኮፑ፣ ማለትም የቀለምን አቅጣጫና መጠን የሚያሳየው ክብ ግራፍ፣ ላይ እይ። እዚያ የቆዳ መስመር የምትባል ሰያፍ መስመር አለች። የምትገርመኝ መስመር ናት። ቀይ ሰው፣ ጠይም ሰው፣ ጥቁር ሰው፣ ሁሉም ወደዚያች መስመር ይጠጋል። የቆዳችን ልዩነት በአብዛኛው የድምቀትና የመጠን ነው፤ የቀለም አቅጣጫችን ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሙሽራዋና ሙሽራው በመልክ ቢለያዩም በዚያች መስመር ሁለቱንም ታስማማለህ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ክሊፑ በጠቅላላው በጣም ደምቆ ከሆነ ኤክስፖዠሩን ከማጎንበሻው በፊት ነው የምታወርደው። ሪዞልቭ ውስጥ ከትራንስፎርሙ በፊት አንድ ኖድ ጨምርና እዚያ አውርድ። ሁሉም መረጃ ገና ያልታጠፈ ስለሆነ ዝርዝሩ ይመለሳል። የፊቱን ሙቀት፣ ኮንትራስቱን፣ ጠቅላላ መልኩን ደግሞ ከትራንስፎርሙ በኋላ ሥራው። ፕሪሚየር ውስጥም ለየክሊፑ የማጎንበሻውን መጠን የምታስተካክልበት ተንሸራታች አለ፤ መጀመሪያ እሱን ሞክር፣ ከዚያ ነው ወደ ሉሜትሪ የምትሄደው።

ያንተን ሶኒ አልነገርከኝም። ኤ7 ማርክ 3 ከሆነና ፒክቸር ፕሮፋይል 10 ላይ ከቀረጽክ እሱም ኤችኤልጂ ነው። ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ይጠቀምበታል፤ «ሰማዩን ያድናል» ሲባል ሰምቶ። ያ ካሜራ ግን የሚቀርጸው በ8 ቢት ነው። 8 ቢት ለየቀለሙ 256 ደረጃ አለው፤ የአይፎኑ 10 ቢት 1,024 አለው። ሰፊ ብርሃን በ256 ደረጃ ሲዘረጋ ደረጃው በዓይን ይታያል። በተለይ ማታ ፀሐይ ከጣና ማዶ ስትጠልቅ ሰማዩ ላይ እንደ እርከን ቀለበት ይሠራል። ለሠርግ ያንን ፕሮፋይል ተወው፤ በተራው ቅረጽ። የአይፎኑም የምሽት ሰማይ ወደ 8 ቢት ሲወጣ ትንሽ እርከን ካሳየ 1 ወይም 2 በመቶ ኖይዝ ጣል አድርግበት። ዓይን እርከኑን ይረሳዋል።

ሁለቱን ካሜራ ስታዋህድ መሪው ሶኒው ይሁን። አይፎኑን ወደሱ አምጣው። የስልክ ምስል በራሱ የተሳለና ቀለሙ የጨመረ ስለሆነ ትንሽ ሳቹሬሽን ብትቀንስለት ይቀላቀላል።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ረዳትህን ሁለት ነገር አስተምረው። ስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ሬኮርድ ቪዲዮ ሲል ኤችዲአር ቪዲዮ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ለአዳራሽ፣ ለቤት፣ ለመልስ አጥፋው በለው። ክሊፑ ቀጥታ በ709 ይመጣል፤ ከሶኒው ጋር ሳትለፋ ይገጥማል። ለሐይቅ ዳር፣ ለታንኳ፣ ከጨለማ ክፍል ወደ ብርሃን በር ለሚወጣ ትዕይንት ግን ያብራው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የቀትር ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ውሃው ደግሞ ይደግመዋል። እዚያ ላይ ኤችዲአር የሚይዘው ተጨማሪ የብርሃን ደረጃ ያስፈልግሃል። ስልኩ ላይ ፊቷን ተጭኖ ይዞ ኤክስፖዠሩን ይቆልፍ፤ ከዚያ ጣቱን ትንሽ ወደ ታች ያንሸራትት። ካልቆለፈው ነጠላ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ምስሉ ጨለም ደመቅ ይላል። ያንን ማንም ማጎንበሻ አያስተካክለውም።

እግረ መንገዴን ልበል፦ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ የሚርገበገብባችሁ ከሆነ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። እዚያው ሬኮርድ ቪዲዮ ውስጥ «ሾው ፓል ፎርማትስ» የሚለውን አብራና በ25 ፍሬም ቅረጹ። ሶኒውንም 25 አድርገው።

ኤክስፖርቱ አጭር ነው። ኤች 264፣ ሬክ 709፣ ኤምፒ4። ከለር ስፔሱን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ፤ ኤችኤልጂ ሆኖ ከወጣ የለፋህበት ሁሉ እዚያ ጋ ይፈርሳል። የወጣውን ፋይል መልሰህ ሚዲያ ኢንፎ ላይ ጣለው። 8 ቢት፣ ቢቲ 709 ማለት አለበት። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ሠርጉን በክፍል በክፍል አውጣው። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላክ፤ እስከ 2 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ሳይጨምቅም ያደርሰዋል።

ሞኒተርህን በተመለከተ የምትሠራበትን ክፍል መጋረጃ ዝጋ። የባሕር ዳር ቀን ብርሃን በመስኮት እየገባ ቀለም አይሠራም። ስክሪኑን ሙሉ ብርሃን ላይ አታድርገው፤ ነጭ ወረቀት በክፍሉ መብራት የሚታይህን ያህል ይሁን። ስልክ ላይም ስታይ ብርሃኑን ግማሽ አድርገህ እይ።

ከማስረከብህ በፊት ግን ፍላሹን ይዘህ ተራ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሂድ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ የክርስትና ቪዲዮ አስረክቤ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ደህና ነበር። ቤተሰቡ ሳሎን ሲከፍቱት የአያትየው ጋቢ አንድ ነጭ ጨርቅ ሆነ። አያትየው በዓመቱ አረፉ። እንደገና ሠርቼ ወስጄላቸዋለሁ፤ ግን ያኔ እሳቸው ሳያዩት ቀረ።

አሁን ሂድና ሲኩዌንሱን 709 አድርግ፤ ማጎንበሻውን አብራ፤ የሐይቅ ዳሩን ክሊፕ ዌቭፎርም ላይ እይ። ነጠላው አሁንም ከ100 በላይ ከቆመ የሚዲያ ኢንፎውን ገጽና የሲኩዌንስ ሴቲንግሱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የቱ ጋ እንደተሰበረ ከሁለቱ ይታያል።